የፌዴራል፣ የክልልና የአካባቢ አስተዳደር እርከኖች የሥልጣንና የኃላፊነት ክፍፍል፦ ለአምቦና ለምዕራብ ሸዋ ዞን ተገልጋዮች የተዘጋጀ ማብራሪያ

በምዕራብ ሸዋ ዞን የሚኖር አንድ ዜጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ከበርካታ የመንግሥት እርከኖች ጋር ይገናኛል። የልጁን ልደት በቀበሌ ያስመዘግባል፤ የእርሻ መሬቱን የይዞታ ደብተር ከወረዳው ይቀበላል፤ በይግባኝ የተያዘ ክርክር ካለው አምቦ ከተማ በሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ፓስፖርት ሲያስፈልገው ደግሞ የፌዴራል ተቋም ያስተናግደዋል። እነዚህ አካላት ሁሉ በተለምዶ «መንግሥት» ተብለው ቢጠሩም ሥልጣናቸው፣ በጀታቸውና ተጠሪነታቸው የተለያየ ነው።

ልዩነቱን ማወቅ ለተገልጋዩ የሚሰጠው ጥቅም ተጨባጭ ነው። ሥልጣን ለሌለው መሥሪያ ቤት የቀረበ አቤቱታ የቱንም ያህል እውነተኛ ቢሆን መፍትሔ አያገኝም። ከዳኖ ወይም ከኖኖ ወረዳ ተነሥቶ አምቦ ወይም አዲስ አበባ ድረስ የተጓዘ ባለጉዳይ «ጉዳዩ የሚታየው በወረዳዎ ነው» ተብሎ ሲመለስ የሚያጣው የትራንስፖርት ገንዘቡን ብቻ አይደለም። ሕግ የወሰነው የይግባኝ ወይም የቅሬታ ማቅረቢያ ጊዜ በመካከል ሊያልፍበት ይችላል። ይህ ማብራሪያ ሥልጣኑ በእርከኖች መካከል እንዴት እንደተከፋፈለና የትኛው ጉዳይ ወደ የትኛው አካል እንደሚቀርብ ያስረዳል።

1. የክፍፍሉ የሕግ መሠረት

የዛሬው የምዕራብ ሸዋ ዞን ሰፊ ክፍል ቀደም ባለው ጊዜ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የጅባትና ሜጫ አውራጃ ይባል ነበር። የአውራጃው ዋና ከተማ በዚያ ዘመን ሀገረ ሕይወት ተብላ ትጠራ የነበረችው አምቦ ናት። በዚያ አሃዳዊ ሥርዓት አውራጃውም ሆነ ወረዳው የማዕከላዊው መንግሥት ቅርንጫፍ ነበር። አስተዳዳሪዎች ከላይ ይሾማሉ፤ ሕግ የሚወጣውም በማዕከል ብቻ ነበር።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀውና ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ይህን አወቃቀር ለውጧል። በአንቀጽ 50 መሠረት የፌዴራሉ መንግሥትና ክልሎች እያንዳንዳቸው የሕግ አውጪነት፣ የሕግ አስፈጻሚነትና የዳኝነት ሥልጣን አላቸው። አንዱ የሌላውን ሥልጣን የማክበር ግዴታም ተጥሎበታል። ስለሆነም ክልሉ የፌዴራሉ መንግሥት ቅርንጫፍ አይደለም፤ የፌዴራል ሚኒስትርም ለክልል ቢሮ ኃላፊ የበላይ አለቃ አይደለም። ሁለቱ የሚገናኙት በሕግ፣ በበጀት ድጎማና በትብብር ነው።

የክፍፍሉ ዋና ደንብ በአንቀጽ 52 ንዑስ አንቀጽ 1 ተቀምጧል። ለፌዴራሉ መንግሥት ብቻ ወይም ለፌዴራሉና ለክልሎች በጋራ በግልጽ ያልተሰጠ ሥልጣን ሁሉ የክልሎች ነው። አንድ ጉዳይ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ ጉዳዩ በአንቀጽ 51 ከተዘረዘሩት የፌዴራል ሥልጣናት መካከል መኖሩን ይመለከታል። ከሌለና በጋራም ካልተሰጠ የክልሉ ነው ማለት ነው።

የኦሮሚያ ክልል በአንቀጽ 47 ከተዘረዘሩት የፌዴሬሽኑ አባላት አንዱ ሲሆን የራሱ ሕገ መንግሥት አለው። ይህ ሕገ መንግሥት በ1994 ዓ.ም. ተሻሽሏል። የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካልና ሕግ አውጪ ጨፌ ኦሮሚያ ነው።

2. የፌዴራሉ መንግሥት ሥልጣን

አንቀጽ 51 ለፌዴራሉ መንግሥት ከሰጣቸው ሥልጣናት መካከል የውጭ ግንኙነት፣ የሀገር መከላከያ፣ የገንዘብና የባንክ ጉዳይ፣ የውጭ ንግድ፣ የዜግነትና የኢሚግሬሽን ጉዳይ፣ የፖስታና የቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎት፣ ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶች እንዲሁም የጤና፣ የትምህርትና የባህል ሀገር አቀፍ መመዘኛዎችን ማውጣት ይገኙበታል። የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምና ጥበቃ ሕግም የሚያወጣው የፌዴራሉ መንግሥት ነው።

በአንቀጽ 55 መሠረት የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ፣ የንግድ ሕግና የወንጀል ሕግ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይወጣሉ። በጊንጪ ወይም በጉደር በግል ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ከአሠሪው ጋር ያለው ግንኙነት የሚመራው በመላ ሀገሪቱ በሚሠራበት የፌዴራል የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ነው። የቤተሰብ ሕግ ግን ከዚህ ይለያል። በክልሉ ለሚፈጸም ጋብቻና ለሚፈርስ ትዳር ተፈጻሚ የሚሆነው በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 69 የወጣውና በኋላ የተሻሻለው የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ነው። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለፌዴራሉ መንግሥት ተጠሪ በሆኑት አዲስ አበባና ድሬዳዋ ይሠራል።

3. የክልሉ ሥልጣን

ክልሉ የራሱን ሕገ መንግሥትና ሌሎች ሕጎች ያወጣል፤ የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የልማት ፖሊሲና ዕቅድ ይነድፋል፤ የፌዴራሉ መንግሥት በሚያወጣው ሕግ መሠረት መሬትና የተፈጥሮ ሀብትን ያስተዳድራል፤ ለክልል በተወሰኑት የገቢ ምንጮች ላይ ግብርና ታክስ ይጥላል፣ ይሰበስባል፤ የክልሉን ሠራተኞች ያስተዳድራል፤ የክልሉን ፖሊስ ያደራጃል፤ የክልሉን ሰላምና ጸጥታ ይጠብቃል። አንድ ዜጋ በዕለት ኑሮው የሚፈልጋቸው አብዛኞቹ አገልግሎቶች በዚህ ሥልጣን ሥር ይወድቃሉ።

4. ዞን፣ ወረዳ፣ ከተማና ቀበሌ

ሕገ መንግሥቱ ክልሎች አስፈላጊ ሆነው በሚያገኟቸው የአስተዳደር እርከኖች እንዲዋቀሩ ይደነግጋል። ሕዝቡ በቀጥታ መሳተፍ ይችል ዘንድ ለዝቅተኛ እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥም ያዝዛል። በኦሮሚያ ክልል እርከኖቹ የሚከተሉት ናቸው። የመሥሪያ ቤቶችን የስም ሰሌዳ ለሚያነብ ተገልጋይ እንዲረዳም የአፋን ኦሮሞ ስያሜያቸው ተጠቅሷል።

ዞን («ጎዲና»)፦ የክልሉ መስተዳድር ወረዳዎችንና ከተሞችን የሚያስተባብርበትና የሚከታተልበት እርከን ነው። በሕዝብ የተመረጠ የራሱ ምክር ቤት የለውም፤ ተጠሪነቱም ለክልሉ መስተዳድር ነው። የምዕራብ ሸዋ ዞን ጽሕፈት ቤቶች መቀመጫ አምቦ ነው። ዞኑ ወረዳዎችን በሙያ ይደግፋል፣ ይቆጣጠራል፤ በወረዳ ውሳኔ ላይ የሚቀርብ ቅሬታንም ይመለከታል። የወረዳን አገልግሎት ተክቶ መስጠት ግን መደበኛ ሥራው አይደለም።

ወረዳ («ኣና»)፦ በሕዝብ የሚመረጥ ምክር ቤት፣ የአስተዳደር ምክር ቤትና የዳኝነት አካል ያለው፣ የራሱን በጀት የሚያጸድቅ እርከን ነው። ደንዲ፣ ቶኬ ኩታዬ፣ ጨሊያ፣ ጀልዱ፣ አደአ በርጋ፣ ኤጄሬ፣ ባኮ ቲቤ፣ ኢሉ ገላን፣ ዳኖና ኖኖ ከዞኑ ወረዳዎች መካከል ይጠቀሳሉ። የግብርና፣ የመሬት፣ የትምህርት፣ የጤና፣ የውሃና የገቢዎች ጽሕፈት ቤቶች በወረዳው ሥር ይገኛሉ።

የከተማ አስተዳደር፦ በክልሉ የከተሞች ሕግ መሠረት የተቋቋመ፣ የማዘጋጃ ቤት አገልግሎት የሚሰጥና በከንቲባ የሚመራ አካል ነው። የከተማ ፕላን፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የከተማ ቦታ፣ የቆሻሻ አወጋገድ፣ የገበያ ቦታና የውስጥ ለውስጥ መንገድ የእርሱ ሥራዎች ናቸው።

ቀበሌ («ገንዳ»)፦ ለነዋሪው የመጨረሻው ቅርብ እርከን ነው። የነዋሪነት መታወቂያ፣ የወሳኝ ኩነት ምዝገባና ለሌሎች መሥሪያ ቤቶች የሚቀርብ የድጋፍ ደብዳቤ ከዚህ ይጀምራሉ።

የአምቦ ከተማ አስተዳደርና የአምቦ ወረዳ ሁለት የተለያዩ አካላት መሆናቸውን ተገልጋዮች ሊያስተውሉ ይገባል። ከከተማው ወሰን ውጭ በገጠር ቀበሌ የሚኖር አርሶ አደር ለገበያ በየሳምንቱ ወደ ከተማው ቢመጣም የመሬትና የግብር ጉዳዩ የሚታየው በአምቦ ወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ነው። በከተማው ወሰን ውስጥ ቤት ያለው ሰው ደግሞ ጉዳዩን ለከተማው አስተዳደር ያቀርባል። ከተሞች ሲሰፉ ቀድሞ በወረዳ ሥር የነበሩ ቀበሌዎች ወደ ከተማ የሚካለሉበት ጊዜ አለ። በእንዲህ ያለ አካባቢ የሚኖር ባለይዞታ ፋይሉ ከወረዳው ወደ ከተማው መተላለፉን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

5. ጉዳይ በጉዳይ

*መሬት።* በአንቀጽ 40 መሠረት የገጠርም ሆነ የከተማ መሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ማዕቀፉን የሚወስነው የፌዴራል ሕግ ሲሆን የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ከእነዚህ አንዱ ነው። ዝርዝሩን ክልሉ በራሱ ሕግ ይደነግጋል። ምዝገባውን፣ ልኬታውንና የይዞታ ማረጋገጫ መስጠቱን የሚያከናውነው የወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ነው። ስለሆነም የወሰን፣ የውርስ ወይም የደብተር ጥያቄ ወደ ፌዴራል መሥሪያ ቤት አይቀርብም።

መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ሁለት እርከኖች በአንድ ጉዳይ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ለምሳሌ ፕሮጀክቱ የፌዴራል መንገድ ሊሆን ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሥርዓት መሠረት ግን ለባለይዞታው የማስለቀቂያ ትእዛዝ የሚሰጠውና የንብረት ግምቱን የሚያሠራው ወረዳው ወይም የከተማው አስተዳደር ነው። ይህ አዋጅ በኋላ የተሻሻለ ስለሆነ ባለይዞታው በሥራ ላይ ያለውን ድንጋጌ መጠየቅ ይኖርበታል። ትእዛዙን ወይም ግምቱን የሚቃወም ሰው አቤቱታውን ለዚሁ ተግባር ለተቋቋመው ቅሬታ ሰሚ አካል በሕጉ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ያቀርባል፤ ካልረካም ወደ ይግባኝ ሰሚውና ወደ ፍርድ ቤት ይቀጥላል። ጊዜው የሚቆጠረው ትእዛዙ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ ስለሆነ ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን መመዝገብና ቅጂውን መያዝ ወሳኝ ነው። በቃል የተነገረ ትእዛዝ ሲያጋጥም በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ ተገቢ ነው።

*ውሃና ወንዞች።* የምዕራብ ሸዋ ደጋ የሁለት ታላላቅ ተፋሰሶች መከፋፈያ ነው። የአዋሽ ወንዝ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ ወደ አፋር ይወርዳል፤ ጉደርና ሙገር ደግሞ ወደ ዓባይ ይገባሉ። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ክልሎችን የሚያገናኙ ወይም ድንበር ተሻጋሪ የሆኑ ወንዞችን አጠቃቀም የመወሰንና የማስተዳደር ሥልጣን በአንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 11 ለፌዴራሉ መንግሥት ተሰጥቷል። ስለዚህ በእነዚህ ወንዞች ላይ የሚታሰብ ከፍተኛ የመስኖ ወይም የኃይል ማመንጫ ሥራ የፌዴራል ጉዳይ ይሆናል። የመጠጥ ውሃ አቅርቦት ግን የክልሉና የአካባቢው ኃላፊነት ነው። በከተማ የውሃ ቆጣሪ፣ የክፍያና የመስመር ብልሽት ጉዳይ ለከተማው የውሃ አገልግሎት ይቀርባል፤ በገጠር የምንጭና የጉድጓድ ውሃ ጉዳይ ለወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል።

*መንገድ፣ መብራትና ስልክ።* አዲስ አበባን በአምቦ በኩል ከነቀምቴና ከምዕራቡ የሀገሪቱ ክፍል ጋር የሚያገናኘው ዋና መንገድ የፌዴራል መንገድ ሲሆን ግንባታውና ጥገናው በፌዴራል የመንገድ ተቋም ይመራል። ወረዳን ከወረዳ የሚያገናኙ መንገዶች የክልሉ፣ ቀበሌን ከቀበሌ የሚያገናኙ የገጠር መንገዶች በአብዛኛው የወረዳው፣ የከተማ የውስጥ መንገዶች የከተማው አስተዳደር ኃላፊነት ናቸው። በፌዴራሉ መንገድ ላይ የትራፊክ ቁጥጥር የሚያደርገው ግን የክልሉ ፖሊስ ነው። የመንገዱ ባለቤትና በመንገዱ ላይ ሕግ የሚያስከብረው አካል የተለያዩ የሚሆኑበት አንዱ ምሳሌ ይህ ነው። የኤሌክትሪክ አገልግሎትና ኢትዮ ቴሌኮም የፌዴራል የልማት ድርጅቶች ናቸው። ስለሆነም በአካባቢው የሚገኙ ቅርንጫፎቻቸው ለከተማው ከንቲባ ተጠሪ አይደሉም።

*ጤና።* በሀገሪቱ የጤና ሥርዓት መመዘኛ መሠረት አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፣ በገጠር አንድ ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግል ታቅዷል። መመዘኛውን የሚያወጣው የጤና ሚኒስቴር ነው። ጤና ኬላንና ጤና ጣቢያን የሚያስተዳድረውና ለሠራተኞቻቸው ደመወዝ የሚከፍለው ግን ወረዳው ወይም ከተማው ነው። በአምቦ ከተማ ሁለት የመንግሥት ሆስፒታሎች ይገኛሉ። የአምቦ አጠቃላይ ሆስፒታል በክልሉ የጤና መዋቅር ሥር የሚተዳደር ነው፤ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ደግሞ የፌዴራል ተቋም የሆነው የዩኒቨርሲቲው አካል ነው። በአንዱ ላይ ያለ የአገልግሎት ቅሬታ ለሌላው የበላይ አካል ቢቀርብ ውጤት አይኖረውም።

*ትምህርት።* የትምህርት ፖሊሲና ሀገር አቀፍ መመዘኛ የፌዴራል ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተናም በፌዴራል ተቋም ይሰጣል። የ8ኛ ክፍል ፈተና የክልል ነው። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህራን ቅጥርና ደመወዝ፣ የመማሪያ ክፍሎች እድሳትና የተማሪዎች ምዝገባ በወረዳና በከተማ የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ይፈጸማል። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ የፌዴራል ተቋም ነው።

*ግብርናና ደን።* በየቀበሌው የሚገኙ የግብርና ልማት ሠራተኞች የወረዳው ሠራተኞች ናቸው። በምርምር ረገድ ሁለቱም መንግሥታት ይሠራሉ። በአምቦ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል በፌዴራሉ የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ነው፤ በባኮ አካባቢ ደግሞ የፌዴራሉ የበቆሎ ምርምር ማዕከልና የክልሉ የግብርና ምርምር ማዕከል ጎን ለጎን ይሠራሉ። በደንዲ ወረዳ የሚገኘውን የጭልሞ ደንን በመሳሰሉ ደኖች ላይም የፌዴራሉ የደን ሕግ እንደ ማዕቀፍ ሆኖ ያገለግላል፤ አስተዳደሩ ግን የክልሉ ነው፤ በአካባቢው የተደራጁ ነዋሪዎችም ይሳተፉበታል።

*መታወቂያ፣ ወሳኝ ኩነትና ፓስፖርት።* የልደት፣ የሞት፣ የጋብቻና የፍቺ ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የተደነገገ ሲሆን በሀገር አቀፍ ደረጃ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። ምዝገባው የሚከናወነው በቀበሌ ደረጃ በሚመደብ የክብር መዝገብ ሹም ነው። ልደት በ90 ቀናት፣ ሌሎቹ ኩነቶች በ30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ ይኖርባቸዋል። የነዋሪነት መታወቂያ የአካባቢ አስተዳደር አገልግሎት ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የዲጂታል መታወቂያ፣ ማለትም ፋይዳ፣ ሀገር አቀፍ ነው። ሁለቱ ለተለያየ ዓላማ የሚሰጡ ናቸው። ፓስፖርት የሚሰጠው የፌዴራሉ የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ብቻ ነው።

6. ግብር ለማን ይከፈላል?

ሕገ መንግሥቱ የገቢ ምንጮችን በሦስት ይከፍላል። በአንቀጽ 96 መሠረት የጉምሩክ ቀረጥና የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች የሥራ ግብር የፌዴራሉ ናቸው። በአንቀጽ 97 መሠረት የክልል መንግሥትና የግል ድርጅት ሠራተኞች የሥራ ግብር፣ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ፣ የአርሶ አደሮች የእርሻ ገቢ ግብርና የግለሰብ ነጋዴዎች ግብር የክልሉ ናቸው። በአንቀጽ 98 መሠረት ደግሞ የኩባንያዎች የትርፍ ግብርና የባለአክሲዮኖች የትርፍ ድርሻ ግብር የጋራ ናቸው።

በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሠፈር የሚኖሩ ሦስት ሰዎች ግብራቸው ወደተለያየ ግምጃ ቤት ሊሄድ ይችላል። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሥራ ግብር ለፌዴራሉ መንግሥት ገቢ ይሆናል። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህሩ ግብር ለክልሉ ገቢ ይሆናል። በግል ስሙ ሱቅ የከፈተው ነጋዴም የትርፍ ግብሩን የሚከፍለው ለክልሉ ነው፤ ይኸው ነጋዴ ከሌሎች ጋር ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቢያቋቁም ግን ግብሩ የጋራ ገቢ ከሆነው ምድብ ይገባል። በሕገ መንግሥቱ ለማንም ተለይቶ ያልተሰጠ አዲስ ታክስ ሲኖር የፌዴሬሽን ምክር ቤትና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናሉ።

በግብር ውሳኔ ላይ የሚቀርብ ቅሬታ የሚጀምረው ግብሩን በወሰነው የገቢ መሥሪያ ቤት ነው። የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ የደረሰው ሰው ማስታወቂያውን የላከው የወረዳው፣ የከተማው ወይስ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት መሆኑን በቅድሚያ ይለይ።

7. የበጀት ፍሰት

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምርና ሰኔ 30 ቀን ይጠናቀቃል። የፌዴራሉ መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ክልሉ ከድጎማውና ከራሱ ገቢ ለወረዳዎችና ለከተሞች ይመድባል። ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ በተካሄደው የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደር ማሻሻያ ወረዳዎች የተመደበላቸውን ጥቅል በጀት በምክር ቤታቸው ለየዘርፉ የመደልደል ሥልጣን አግኝተዋል።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ውጤት ቀላል አይደለም። የአንድ ቀበሌ ጤና ኬላ እድሳት በዚህ ዓመት ይከናወን ወይስ ይዘግይ የሚለውን የሚወስነው በአብዛኛው የወረዳው ምክር ቤት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ጥያቄ ለወረዳው ምክር ቤት ተወካይ መድረስ ያለበት በጀቱ ከመጽደቁ በፊት፣ ዕቅድ በሚዘጋጅበት ወቅት ነው። ነዋሪዎች የጸደቀው በጀት በግልጽ እንዲለጠፍና እንዲብራራላቸው መጠየቅ ይችላሉ። በአንቀጽ 12 መሠረት የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት፤ ሕዝቡም በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሣው ይችላል።

አንቀጽ 94 በበኩሉ እያንዳንዱ መንግሥት በሕግ የተሰጡትን ተግባራት ለማከናወን የሚያስፈልገውን ወጪ እንዲሸፍን ይደነግጋል። የፌዴራሉ መንግሥት ሥራውን ለክልል በውክልና ሲሰጥ የተለየ ስምምነት ከሌለ ወጪውን የሚሸፍነው ውክልናውን የሰጠው ነው።

8. ፍርድ ቤቶች

የኦሮሚያ ክልል የወረዳ፣ የከፍተኛና የጠቅላይ ፍርድ ቤቶች አሉት። በወረዳ ፍርድ ቤት የተወሰነ ጉዳይ በይግባኝ አምቦ ወደሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም እንደ ጉዳዩ ዓይነት ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በክልል ጉዳዮች ላይ የመጨረሻው የዳኝነት ሥልጣን የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። በማንኛውም የመጨረሻ ውሳኔ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ሲኖር፣ በሕግ የተወሰኑት ሁኔታዎች ከተሟሉ፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ሊያየው ይችላል። ሰበር ሌላ ዙር ይግባኝ አይደለም፤ ፍሬ ነገርንና ማስረጃን እንደገና አይመዝንም።

ጉዳዩ የፌዴራል በሆነ ጊዜም የዞኑ ነዋሪ አዲስ አበባ መሄድ አይጠበቅበትም። የፌዴራል ከፍተኛና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን በውክልና ለክልል ፍርድ ቤቶች ተሰጥቷል። በአዋጅ ቁጥር 322/1995 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲቋቋምባቸው ከተወሰኑት አምስት ክልሎች መካከል ኦሮሚያ የለም። በመሆኑም በአንቀጽ 80 መሠረት የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን፣ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርቦ ይሠራል።

ከመደበኛ ፍርድ ቤቶች ጎን ለጎን በአዋጅ ቁጥር 240/2013 ዕውቅና ያገኙ የባህል ፍርድ ቤቶች በክልሉ ይሠራሉ። የግልና የቤተሰብ ክርክርን በባህላዊ ሥርዓት ለመዳኘት የተከራካሪዎቹ ፈቃድ አስፈላጊ መሆኑ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ተደንግጓል። ማንም ሰው ያለ ፈቃዱ በእንዲህ ያለው ዳኝነት እንዲቀርብ አይገደድም።

9. የሥራ ቋንቋ

በአንቀጽ 5 መሠረት የፌዴሬሽኑ አባላት የየራሳቸውን የሥራ ቋንቋ በሕግ ይወስናሉ። የኦሮሚያ ክልል መሥሪያ ቤቶችና ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። በወንጀል የተከሰሰ ሰው ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ በሚካሄድበት ጊዜ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት በአንቀጽ 20 ተሰጥቶታል። ከክልሉ መሥሪያ ቤት የተሰጠ ሰነድ በፌዴራል መሥሪያ ቤት ሲቀርብ ትርጉም ሊጠየቅ ስለሚችል ተገልጋዮች ከጉዞ በፊት ይህን ቢያጣሩ መመላለስ ይቀርላቸዋል።

10. ቅሬታ የሚቀርብበት ቅደም ተከተል

በክልል መዋቅር ሥር ባለ መሥሪያ ቤት ላይ የሚቀርብ ቅሬታ በቅድሚያ አገልግሎቱን ለሰጠው ክፍል የቅርብ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ ከዚያም ለወረዳው ወይም ለከተማው አስተዳደር ቅሬታ ሰሚ ይቀርባል። በዚህ ካልተፈታ ወደ ዞኑ፣ በመጨረሻም ወደ ክልሉ ይቀጥላል። በእያንዳንዱ እርከን ምላሹን በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል፤ የሚቀጥለው እርከን የሚመረምረው ይህንኑ ውሳኔ ነውና።

በፌዴራል አስፈጻሚ ተቋም ውሳኔ ላይ ቅሬታ ያለው ሰው በአዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት አስቀድሞ ለተቋሙ ቅሬታ ሰሚ ያመለክታል፤ ካልረካ ውሳኔው በፍርድ ቤት እንዲከለስ መጠየቅ ይችላል። ይህ አዋጅ በክልልና በወረዳ መሥሪያ ቤቶች ላይ ተፈጻሚ አይደለም።

የኢትዮጵያ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የአስተዳደር በደል አቤቱታዎችን ያለ ክፍያ ተቀብሎ ይመረምራል። በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ ግን አይመለከትም። የሰብአዊ መብት ጥሰት አቤቱታ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሊቀርብ ይችላል።

11. ሥልጣን ሲደራረብ

አንዳንድ ጉዳዮች በአንድ እርከን ብቻ አይፈጸሙም። የመንግሥታት ግንኙነት የሚመራበትን ሥርዓት ለመዘርጋት በወጣው አዋጅ ቁጥር 1231/2013 መሠረት የፌዴራሉና የክልል አካላት በጋራ ጉዳዮቻቸው ላይ የሚመክሩባቸው መድረኮች ተደራጅተዋል። በክልሎች መካከል የሚነሣ አለመግባባትን የሚፈታውና ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው።

ሁለት መሥሪያ ቤቶች «ጉዳዩ የኔ አይደለም» ሲሉት ተገልጋዩ ከእያንዳንዳቸው የጽሑፍ ምላሽ እንዲሰጠው ይጠይቅ፤ ምላሹን ይዞ ለሁለቱም የጋራ የበላይ ለሆነው አካል ያቅርብ። የወረዳና የከተማ ክርክር ከሆነ ይህ አካል ዞኑ ነው። አንደኛው የፌዴራል፣ ሌላው የክልል መሥሪያ ቤት በሚሆኑበት ጊዜ የጋራ አለቃ ስለማይኖራቸው አቤቱታው ለየበላይ አካላቸው በየበኩሉ መቅረብ ይኖርበታል።

12. ወደ መሥሪያ ቤት ከመሄድ በፊት መለየት ያለባቸው ነጥቦች

• ይዞታው ወይም መኖሪያው በከተማው ወይስ በወረዳው ወሰን ውስጥ ነው?
• አገልግሎቱን የሚሰጠው ተቋም ተጠሪነቱ ለፌዴራል፣ ለክልል ወይስ ለወረዳ ነው?
• ውሳኔውን የሰጠው ማን ነው? ደብዳቤው ላይ ያለው ማኅተምና ቁጥር የማን ነው?
• ውሳኔው የደረሰበት ቀን ስንት ነው? የቅሬታ ወይም የይግባኝ ጊዜው መቼ ያበቃል?
• የዋናው ሰነድ ቅጂ ተይዟል? ማመልከቻው ሲገባ በመዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ተሰጥቶታል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ተገልጋይ ከቤቱ ሲነሣ የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ ያውቃል። መልሱ ግልጽ ካልሆነለት አስቀድሞ በሚኖርበት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወይም በወረዳው አስተዳደር መጠየቅ ይችላል፤ ጉዳዩ በሌላ እርከን የሚታይ ሆኖ ሲገኝም ወዴት እንደሚሄድ ማመልከት የእነዚህ ጽሕፈት ቤቶች ሥራ ነው።